ወርቅና ብር ቀለም በሸክላ፣ በቅልና በጠርሙስ ላይ፦ በድሬ ሙቀት፣ በሐረር ክረምት

ሸካራ ሸክላ ላይ ወርቅ ቀለም የቀባ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ወርቁ አይደለም። ቀድሞ ዓይን ያልገባው ጭረት፣ የሠሪዋ የጣት አሻራ፣ የጠጠር ጉድጓድ ነው ብቅ የሚለው። ነጭ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይህን ሁሉ ችሎ ያልፋል፤ ወርቅ ግን አንድ በአንድ ያወጣዋል። ስለዚህ የሥራው ሦስት አራተኛ ከወርቁ በፊት ማለቅ አለበት። ወርቁ ራሱ የሃያ ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ ቀለሙ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ተራ ቀለም ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት ብርሃንን በየአቅጣጫው ይበትናል። ወርቅና ብር ቀለም ውስጥ ያለው እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋ ነው፤ እያንዳንዷ ቅርፊት ትንሽ መስታወት ናት። ቅርፊቶቹ ጎን ለጎን ከተኙ ዕቃው ያብረቀርቃል። ዘመም ዘመም እንዳሉ ከደረቁ ወርቁ ሰናፍጭ፣ ብሩ አመድ ይመስላል። ለመተኛት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋሉ። ድሬዳዋ (ድሬ) ላይ ይህ ጊዜ ያጥራል፤ ሐረር ላይ በክረምት ከሚገባው በላይ ይረዝማል። ሁለቱ ከተሞች የ50 ኪሎ ሜትር ያህል ጎረቤት ቢሆኑም አንዱ ጋ የሠራ ዘዴ ሌላው ጋ እንዳለ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከፍታ ላይ ናቸው።

የያዛችሁት ቀለም የትኛው ነው?

ሱቅ ገብታችሁ «ጎልድ ቀለም» ብትሉ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ጠባያቸውም ለየቅል ነው።

አንደኛው በትንሽ ጠርሙስ ወይም በቱቦ የሚሸጠው፣ በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ብረታ ብረት የለም። ሚካ የሚባል ማዕድን በስሱ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድና የብረት ኦክሳይድ ተለብጦ ነው ወርቅ የሚመስለው። አይጠቁርም፣ ሽታውም ቀላል ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ለመሥራት ከሦስቱ እሱን እመርጣለሁ። ጉዳቱ ስስነቱ ነው፤ ሥሩ ያለውን ቀለም አሳልፎ ያሳያል።

ሁለተኛው ዱቄቱ ነው። «የወርቅ ዱቄት» ይባል እንጂ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ዚንኩ ሲበዛ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ መዳቡ ሲበዛ ቀላ ያለ ይሆናል። «የብር ዱቄት» የሚሉት ደግሞ አሉሚኒየም ነው። እውነተኛ ብረታ ብረት ስለሆነ ድምቀቱ ከአክሪሊኩ ይበልጣል። ወርቅማው ግን እንደ ማንኛውም መዳብ ይጠቁራል፤ ላብ ያለበት እጅ የሚነካካው ከሆነማ ቶሎ።

ሦስተኛው ስፕሬይ ነው። ቶሎ ያልቅላችኋል፣ እኩል ይተኛል፣ ለጎድጓዳና ለተቀረጸ ዕቃ ብሩሽ የማይደርስበት ድረስ ይገባል። ነገር ግን ውስጡ ያለው ቲነር ብዙ ነገር ያቀልጣል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ከዱቄቱም ከስፕሬዩም ውስጥ በተለይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ዓይነት አለ። የሱ ቅርፊቶች በሰባማ ነገር ስለተለበጡ እርጥቡ ቀለም ላይ ተንሳፍፈው ፊቱ ላይ ይተኛሉ። ድምቀቱ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ከደረቀ በኋላም እጅ ላይ የሚለቀው፣ ቫርኒሽ ሲነካውም ድምቀቱ የሚሞተው በዚሁ ምክንያት ነው። ዕቃችሁን ከመንካታችሁ በፊት የጣሳ ክዳን ላይ ሞክሩት፦ ቀቡ፣ 24 ሰዓት ጠብቁ፣ በነጭ ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ላይ ወርቅ ከወጣ ይህ ቀለም ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፍሬም እንጂ እጅ ለሚነሣውና ለሚያስቀምጠው ዕቃ አይሆንም።

ዱቄት ስትበጠብጡ 1 የሻይ ማንኪያ ዱቄት በ3 የሻይ ማንኪያ ግልጽ ቫርኒሽ ጀምሩ። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ቫርኒሽ ብቻ ጨምራችሁ እንደ ሊጥ አሹት፣ ከዚያ የቀረውን ጥቂት በጥቂት። ሁሉንም አንዴ ካፈሰሳችሁት ዱቄቱ እንደ ጓጎለ ይቀራል። የጓጎለውን በአሮጌ የናይሎን ስቶኪንግ ማጥለል ይቻላል። የምትበጠብጡት ለዚያ ቀን የሚበቃ ብቻ ይሁን። ቫርኒሽ ውስጥ ያለው አሲድ መዳቡን ስለሚበላው ያደረ ብጥብጥ ይወፍራል፣ ወደ አረንጓዴነትም ይሄዳል። በነጭ ኮላ የተበጠበጠው ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ውሃው ስላለበት። የአሉሚኒየሙ ጉዳይ ሌላ ነው። በውሃ ተበጥብጦ ጠርሙስ ውስጥ ሲታሸግ ጋዝ ያወጣል፣ በተለይ ኖራ የነካው ውሃ ከሆነ፤ ክዳኑን ሊፈነቅለው ይችላል። አታሽጉት።

ዱቄቱን ስትነኩ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ ማራገቢያውን አጥፉ። በአቅራቢያው ከሰል የተያያዘበት ምድጃ አይኑር፤ አየር ላይ የተበተነ የአሉሚኒየም ብናኝ እሳት ይይዛል። «ቡናውን አፍልቼ እየሠራሁ» የሚባል ነገር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቡናው ይቅደም ወይም ይቆይ።

ሸክላ

በብዛት የሚበላሸው ሸክላ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም እንበል። ያልተለበጠ ሸክላ ይጠጣል። ወርቁን ቀጥታ ብትቀቡት ቀለሙን የሚያጣብቀውን ክፍል ሸክላው ይመጠውና ቅርፊቶቹ ያለ ያዥ ፊቱ ላይ ይቀራሉ። ሲደርቅ ያምራል፤ በሦስተኛው ቀን ግን እንደ ዱቄት ይራገፋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቀለሙን ይሰድባል።

መጀመሪያ መድረቁን እርግጠኛ ሁኑ። ከገበያ የመጣ ሸክላ ታጥቦ ወይም ዝናብ ነክቶት ከሆነ ከላይ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ ከዚያ በፌስታል ጥቅልል አድርጋችሁ አፉን አስራችሁ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። የፌስታሉ ውስጠኛ ፊት ላይ ላበት ካያችሁ ገና ነው። ላዩ ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ከወጣ በደረቅ ብሩሽ ጠርጉት እንጂ አትጠቡት፤ ውሃው ያንኑ ጨው እንደገና ይዞት ይወጣል።

ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። በ180 ቁጥር ጀምራችሁ በ240 ጨርሱ። ጉድጓዱን በስቱኮ ሙሉት፤ በቢላ ሳይሆን በጣት ተጭናችሁ፣ ጥጋብ አድርጋችሁ፣ ምክንያቱም ሲደርቅ ይሰረጉዳል። ሲደርቅ እንደገና በ240 እሹት። ዓይናችሁን አትመኑ፤ ጨፍናችሁ በመዳፍ ዳብሱት። እጅ የያዘው ነገር ወርቅ ላይ ይታያል። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ፣ ቀጥሎ ትንሽ በረጠበ ጨርቅ አንሱ።

አሁን መጠጣቱን ማስቆም ነው። 1 እጅ ነጭ ኮላ በ3 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡት። በመካከሉ ድሬ ላይ 2 ሰዓት ይበቃል፣ ሐረር ላይ በክረምት ይደር። የመጀመሪያው እጅ (ቅብ) ወዲያው ገብቶ ይጠፋል፤ አትደንግጡ። በቂ መሆኑን የምታውቁት በውሃ ጠብታ ነው፦ አንድ ጠብታ አሳርፉበት። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳይሰርግ ከተቀመጠ ሸክላው ጠግቧል። ከሰረገ ሦስተኛ እጅ።

የአበባ ማስቀመጫ ከሆነ፣ ማለትም ውስጡ አፈርና ውሃ የሚገባበት ከሆነ፣ ከውጭ የሠራችሁት ሁሉ ከውስጥ በሚመጣ እርጥበት ይገፋል፤ ቀለሙ ፊኛ እየሠራ ይነሳል። አበባውን በፕላስቲክ ዕቃ ተክላችሁ ፕላስቲኩን ሸክላው ውስጥ ማስቀመጥ ከሁሉ ይቀላል።

የዕጣን ማጨሻ ላይ ወርቅ የሚያምረው በእግሩና በወገቡ ነው። ፍሙ የሚያርፍበትን ውስጡን፣ ከአፉም ወደ ታች ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳትቀቡ ተዉት። የጋለ ቀለም መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይጠቁርና ይላጣል፤ ዕጣኑን ብሎ የተሰበሰበ ሰው የቀለም ጭስ ይምጋል። እሳት ላይ የሚወጣ ጀበና ጨርሶ አይቀባም። ለጌጥ የሚቀመጥ ከሆነ እንደ ሌላው ሸክላ ነው። ሲኒና ብርጭቆ ላይ ከከንፈር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ በሉ፤ ምግብ የሚነካው ውስጠኛ ክፍል ላይ ምንም ዓይነት ወርቅ ወይም ብር ቀለም አይግባ፣ ጠርሙሱ ላይ ምንም ቢጻፍ።

ሌሎቹ ዕቃዎች

ቅል ላይ ችግሩ የሸክላ ተቃራኒ ነው፤ ቆዳው ሰም አለው፣ ምንም አይጠጣም። ወተት ወይም ቅቤ ይዞ የቆየ ቅልማ ቅባቱ ውስጥ ድረስ ገብቷል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በሽቦ ሳይሆን በሸካራ ስፖንጅ እጠቡት፣ ጥላ ላይ ሁለት ቀን አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ በ180 ብርጭቆ ወረቀት የሚያብረቀርቀው ቆዳ እስኪደበዝዝ ድረስ እሹት። ያልደበዘዘ ቦታ ካለ ቀለሙ ከዚያ ነው መላጥ የሚጀምረው። ቅባት ይዞ የቆየውን ቅል ግን ለዚህ ሥራ ባትመርጡት ይሻላል።

ጠርሙስ ላይ የወረቀቱን ሙጫ በምግብ ዘይት አርሳችሁ ፍቁት፣ በሳሙና እጠቡት፣ በመጨረሻም በአልኮል ጥረጉት። ከአልኮሉ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም፤ አንገቱ ውስጥ እንጨት ከትታችሁ ያዙት። የአንድ ጣት ወዝ በኋላ ቀለሙን በዚያው ጣት ቅርጽ ያስነሳዋል። አክሪሊክ ጠርሙስ ላይ በአንድ ሰዓት የደረቀ ይመስላል፣ በጥፍር ስትነኩት ግን እንደ ቆዳ ይገፈፋል። በደንብ ለመያዝ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ የሰርግ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጠርሙስ በሰርጉ ዋዜማ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ መበሳት ያለበትን ቀዳዳ ሁሉ ቀድማችሁ ብሱ። ከቀለም በኋላ ከበሳችሁት ዙሪያው ይሰነጠቃል። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አውጥታችሁ አንድ እጅ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ስጡት።

እንጨት በ120፣ በ180፣ በ240 እያላችሁ ወደ ልስላሴው ሂዱ። ከዚያ በረጠበ ጨርቅ አብሱትና አድርቁት፤ የተኛው የእንጨት ፀጉር ይቆማል። የቆመውን በ320 ቀለል አድርጋችሁ አንሱት። ይህን የዘለለ ሰው ወርቁን ሲቀባ ፀጉሩ ቀለሙ ውስጥ ይቆምበታል፣ ያኔ መላ የለውም።

የዘይት ጀሪካንና ባልዲ የሚሠራበት ፕላስቲክ የተቀባበትን ቀለም አይዝም፤ ልፋታችሁን ለሌላ ዕቃ አቆዩት። ነጩ ፎም ላይ ስፕሬይ ከነፋችሁ ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል። ሁለት ሦስት እጅ በውሃ የሚበጠበጥ ፕላስቲክ ቀለም ከለበሰ በኋላ ግን ይችላል፤ አንዲት ያልተሸፈነች ነጥብ እንኳ እንዳትቀር።

ስለ ስፌት ደግሞ አንድ ነገር። ሐረር ውስጥ ግድግዳ ላይ ተደርድረው የሚሰቀሉት ስፌቶች ቀለማቸው በሚሰፉበት ሣር ገብቶ፣ ዙር በዙር ተቆጥሮ የተሠራ ነው። ደበዘዘ ተብሎ የአያት ስፌት ላይ ወርቅ ስፕሬይ መንፋት ጥፋት ነው፤ ተመልሶ አይወጣም። አዲስና ጌጥ የሌለው ስፌት ከሆነ ብሩሹን ቀለም ነክታችሁ ጨርቅ ላይ አራግፉት፣ ሊደርቅ በተቃረበ ብሩሽ የስፌቱን ጀርባ ብቻ ላስ ላስ አድርጉ። ጎድጓዳው የራሱን መልክ ይዞ ይቅር።

ከወርቁ በታች የሚሄደው

ስስ ነገር ስለሆነ ወርቅ ከሥሩ ያለውን ቀለም ይዋሳል። ከጡብ ቀይ በላይ ሲቀባ ሞቅ ያለ አሮጌ ወርቅ ይሆናል፤ በደማቅ ቢጫ ላይ ብሩህና አዲስ ይመስላል፣ የሳሳበትም ቦታ አይጋለጥም፤ በጥቁር ላይ ጠለቅ ብሎ ነሐስ ይመስላል። ብር በግራጫ ወይም በጥቁር ላይ ነው። በነጭ ላይ ወርቅ የቀባ ሰው አራት እጅ ቀብቶም ነጩ ያሾልቅበታል። ያልተቀባው ሸክላ ራሱ ቀይ ስለሆነ «የሥር ቀለም አያስፈልገውም» የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ሸክላ በእሳት ያገኘው ቀለም አንድ ዓይነት አይደለም፣ ጥቁር ጥቁር ያለበት ቦታ በወርቁ በኩል ይታያል። የሥሩ ቀለም ማት፣ የማያብረቀርቅ ይሁን። ለመደበኛው ሥራ ቀይና ቡኒ ፕላስቲክ ቀለም እኩል ቀላቅላችሁ ከ10 እጅ 1 እጅ ውሃ ጨምሩበት፤ ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ ከዚያ በ320 ቀለል ያለ እሽት።

ብሩሹና ሰዓቱ

ለስላሳ የናይሎን ፀጉር ያለው ብሩሽ ያዙ። ደረቅ የአሳማ ፀጉር ቅርፊቶቹን እንደ ማረሻ ይተለትላቸዋል። ጠርሙሱን ገልብጣችሁ፣ ቀስ ብላችሁ በእንጨት ከሥሩ አማስሉት፤ ቅርፊቱ ከባድ ስለሆነ ይዘቅጣል፣ ያልተማሰለ ወርቅ የመጀመሪያው ዕቃ ላይ ውሃ፣ የመጨረሻው ላይ ጭቃ ነው። አክሪሊኩ ከወፈረባችሁ ለ10 ማንኪያ ቀለም 1 ማንኪያ ውሃ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። በውሃ የቀጠነ ወርቅ ያዥው ይደክምና ነጠብጣብ እየሠራ ይሸሻል።

ብሩሹን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጎትቱ፣ ክብ ዕቃ ከሆነ በዙሪያው። አንዴ ያለፋችሁበትን አትመለሱበት። መድረቅ የጀመረ ቦታ ላይ ብሩሽ ሲመለስ የተኙትን ቅርፊቶች ያስነሳቸዋል፤ በኋላ በጎን ብርሃን ስታዩት እንደ ጥላ ያለ ጥቁር ጅራት ይታያል። ተሳስታችሁ ከሆነ ተዉት፣ ይድረቅ፣ በሁለተኛው እጅ ይስተካከላል። አንድ ወፍራም እጅ ከምትቀቡ ሦስት ስስ ይሻላል። ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሲሰበሰብ ወርቁ ይሸበሸባል።

ድሬ ላይ የቀኑ ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት ሥራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት ነው። ዕቃው ራሱ ፀሐይ ላይ ከዋለ ጥላ ውስጥ ብትሠሩም ዋጋ የለውም፤ በእጅ ጀርባ ነክታችሁ ሞቅ ካለ ይቀዝቅዝ። የቀለሙን ብልቃጥ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አቁሙት፣ ሳህኑ ላይ የቀዳችሁትን በረጠበ ጨርቅ ክደኑት። ለአክሪሊክ ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን 2 ወይም 3 ጠብታ ለአንድ የሾርባ ማንኪያ ቀለም መድረቁን ያዘገየዋል፤ ሲበዛ ግን ሳምንት ሙሉ እጅ ላይ እየተጣበቀ ይኖራል።

ሐረር ላይ በሐምሌና በነሐሴ ጭንቀቱ ሌላ ነው። ቀለሙ አይደርቅም፣ ባልደረቀ ቀለም ላይ ሁለተኛ እጅ ይደረጋል፣ ሁለቱ አብረው ይላጣሉ። በእጅ ስትነኩት ቀዝቀዝ የሚል ከሆነ ገና ውሃ አለበት። በቲነር የሚሠራ ቫርኒሽ ደግሞ በእርጥብ አየር ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፦ ቲነሩ ሲተን የዕቃውን ፊት ያቀዘቅዘዋል፣ ያን ጊዜ የአየሩ እርጥበት እንደ ጤዛ ያርፍበታል። ጭጋጉ ከመጣ አትፈቅፍቁት። ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ ያንኑ ቫርኒሽ በጣም በስሱ አንድ ጊዜ ድገሙበት፤ ብዙ ጊዜ ይለቃል።

ስፕሬይ

ጣሳው ውስጥ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ናጡት፣ በሥራው መካከልም ደጋግማችሁ። ከዕቃው 25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ። ንፋቱን ከዕቃው ውጭ ጀምራችሁ ዕቃውን አሻግራችሁ ከዕቃው ውጭ ጨርሱ፤ ዕቃው ላይ የተጀመረ ንፋት ጠብታ ይተፋል። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን በግማሽ ይደርብ። በየእጁ መካከል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን የመደረቢያ ሰዓት አንብቡ፤ ብዙዎቹ «ወይ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ወይ ከ24 ሰዓት በኋላ» ይላሉ። በመካከሉ ከነፋችሁ አዲሱ ቲነር ግማሽ የደረቀውን ያሳብጠውና እንደ አዞ ቆዳ ይሸበሸባል።

ድሬ ላይ ደርሶ የሚሻክር ስፕሬይ የሁሉም ቅሬታ ነው። ጠብታው አየር ላይ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ነው ዕቃው ላይ የሚያርፈው። ርቀቱን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር አቅርቡ፣ እጃችሁን ፈጠን አድርጉ፣ ነፋስ ሳይነሳ ሥሩ። ትልቅ ካርቶን በጎኑ አጋድማችሁ ዕቃውን ውስጡ ማድረግ ነፋሱንም አቧራውንም ይመልሳል። ጣሳውን መኪና ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትተዉት፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስትጨርሱ ገልብጣችሁ አየር ብቻ እስኪወጣ ድረስ ንፉ፤ አለዚያ አፉ ይደፈናል፣ ግማሽ ጣሳ ይጣላል።

መስመርና ጌጥ

ሙሉ ዕቃ ወርቅ ማድረግ ቀላል ነው፣ ውበቱ ግን ያንሳል። በጥቁር ወይም በጥልቅ ቀይ ዕቃ ላይ በጠርዝና በወገብ ያለ ወርቅ ይበልጣል። ክብ ዕቃን እኩል ለመከፋፈል ሜትር አያስፈልግም። የወረቀት ጭረት በዙሪያው ጠምጥማችሁ ገጥሞ የሚያልቅበት ላይ ቁረጡት። ሦስት ጊዜ በግማሽ ስታጥፉት 8፣ አራት ጊዜ ስታጥፉት 16 እኩል ቦታ ይሰጣል። እጥፋቱ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። የሐረር ስፌት ጌጥ ራሱ በዙር ስለሚሄድ በዚህ መንገድ ወደ ሸክላ ማምጣት ቀላል ነው።

ከፍ ያለ መስመር ከፈለጋችሁ መሣሪያው እዚሁ አለ፦ የሂና ኮን። እጅ ላይ ሂና የሚስለው ሰው እጁ ለዚህ ሥራ ቀድሞ ተለማምዷል። ነጭ ኮላ ውስጥ የሕፃናት ፓውደር ወይም ደቃቅ ጠመኔ ጥቂት በጥቂት እያደረጋችሁ እንደ ጥርስ ሳሙና እስኪወፍር አሹት። ባዶ ኮን ሙሉ፣ ጫፉን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቁረጡ፣ በሥሩ ቀለም ላይ ሳሉ። ጫፉ ዕቃውን አይንካ፤ ክሩ ከላይ ወርዶ ይተኛ። ከተሰነጠቀ ዱቄቱ በዝቷል፣ ከተንጣለለ አንሷል። ቢያንስ 12 ሰዓት ይድረቅ። ከዚያ ያንኑ የሥር ቀለም በላዩ ላይ ቀቡና መስመሩን በወርቅ በጣት ጫፍ ላስ አድርጉት፤ ጣቱ ላይ ያለው ቀለም ሊደርቅ የደረሰ ይሁን። ከብሩሽ ይልቅ ጣት እዚህ ላይ ንጹሕ ሥራ ይሠራል። ዱቄት ከሆነ ጓንት አድርጉ።

ለተደጋጋሚ ቅርጽ የድሮ የራጅ ፊልም ጥሩ ቅድ ይወጣዋል፤ ይተጣጠፋል፣ ቀለም አይጠጣም። ስፖንጁን ወርቅ ነክታችሁ ወረቀት ላይ ደጋግማችሁ ምቱት፤ አሻራው ደረቅ ሲመስል ያኔ ቅዱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ምቱ። እርጥብ ስፖንጅ በቅዱ ሥር ይሾልካል። የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ቀጥ ያለ ጠርዝ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከወርቁ በፊት የሥሩን ቀለም በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ አሳልፉት። የሚሾልከው እሱ ይሆናል፣ ቀዳዳውንም እሱ ይዘጋዋል። ፕላስተሩን ወርቁ ጨርሶ ሳይደርቅ ወደ ኋላ አጥፋችሁ ላጡት።

ቫርኒሹ

ከወርቁ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ጠብቁ። ለአክሪሊክ በውሃ የሚሠራ ግልጽ ቫርኒሽ፣ የሚያብረቀርቀውን ወይም መሐለኛውን፣ ሁለት ስስ እጅ። ማት ቫርኒሽ ወርቁን ሰናፍጭ ያደርገዋል። የዘይት ቫርኒሽ በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፤ ወርቅ ላይ አይታወቅም፣ ብር ላይ ግን ብሩን ርካሽ ወርቅ ያስመስለዋል። የመዳብ ዱቄት የተቀባበት ዕቃ ቫርኒሽ ግድ ነው፣ አየርና ላብ እንዳያጠቁረው። በብሩሽ ከሆነ ግን የመጀመሪያው እጅ ቅርፊቱን ይዞ ስለሚሄድ አንድ ጊዜ ብቻ ጎትቱ፤ ግልጽ ስፕሬይ ካላችሁ የመጀመሪያው እጅ በእሱ፣ ጉም መስሎ ይረፍ። ያ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ዓይነት ከሆነ ጣሳ ክዳኑ ላይ ሳትሞክሩ ምንም አታድርጉበት።

የወርቁን ብሩሽና የማጠቢያ ውሃ ከሌላው ቀለም ለዩ። ከብሩሽ ሥር የተደበቀ ቅርፊት ከሳምንት በኋላ ነጭ ቀለም ውስጥ ይወጣል። በቫርኒሽ በተበጠበጠው የቀባችሁበትን ብሩሽ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ)፣ ቀጥሎ በሳሙና እጠቡት።

ዕቃው ሲጋጭ የሚላጠውን ቦታ ብቻ መንካት በተራ ቀለም ይቻላል፤ በወርቅ አይቻልም። አዲሶቹ ቅርፊቶች እንደ አሮጌዎቹ አይተኙም፣ ጥገናው በጎን ብርሃን ክብ እድፍ ሆኖ ይታያል። የተላጠውን በስቱኮና በሥሩ ቀለም ካስተካከላችሁ በኋላ ወርቁን ከመስመር እስከ መስመር፣ ማለትም ጌጥ ወይም ጠርዝ እስከሚያቆመው ድረስ፣ ሙሉውን ድገሙት። ለዚህ ሲባል ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ሁለት ማንኪያ አክሪሊክ አትርፋችሁ፣ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ የዕቃውን ስም ላዩ ላይ ጻፉበት። ስሙ አንድ የሆነ አዲስ ጠርሙስ ብትገዙ እንኳ ወርቁ እንደ ፊተኛው ላይሆን ይችላል።